ቡገንቪሊያዬና ብርድ ልብሱ

ከደብረ ብርሃን ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርድ ሰው ልብሱን በየመንገዱ ያወልቃል። ጣርማበር ላይ ጋቢውን እንደተከናነበ ነው፤ ጣሊያን የቦረቦረውን ዋሻ አልፎ ደብረ ሲና ሲደርስ ጋቢው ከትከሻው ይወርዳል፤ አርማንያ ላይ ጃኬቱ ይከተላል፤ ሮቢት ሲገባ ሸሚዙም ይከብደዋል። እኔን የሚያስቀናኝ ግን አጥራቸው ነው። ሐምራዊና ቀይ ቡገንቪሊያ ከቆርቆሮው አጥር በላይ ተዘርግፎ፣ ዞር ብሎ የሚያየው ሰው እንኳ የለም።

የዛሬ ሦስት ዓመት እዚያ አንዲት እናት ቤት ቡና ስጠጣ ዓይኔ ከአጥሩ አልነቀል አለ። “ቆርጠህ ውሰዳ ልጄ፣ ምን ያሳቅቅሃል?” አሉኝ። እርሳስ የሚያህል ውፍረት ያላቸው ሦስት ቅርንጫፎች ቆርጠው ሰጡኝና፣ “ግን እዚያ ብርድ አገር ይጸድቃል ብለህ ነው?” ብለው ሳቁ።

አንደኛው ጸደቀ። ክረምቱን እየተነጫነጨ አለፈና ጥቅምት ላይ ጫፉ ቀላ ሲል ጎረቤት ጠርቼ አሳየሁ። ኅዳር አጋማሽ ላይ አንድ ጠዋት ብወጣ ቅጠሉ የተቀቀለ ጎመን መስሏል። ውርጭ መትቶታል።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ፣ ሸዋ ሮቢት 1,300 ገደማ ላይ ናቸው። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ 6 ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ በሁለቱ ከተሞች መካከል ከ9 እስከ 10 ዲግሪ ልዩነት አለ ማለት ነው። የእኔን ተክል የጎዳው ግን ከፍታው ብቻ አይደለም። ሰማዩ ጥርት ባለ ሌሊት መሬቱ የቀን ሙቀቱን ወደ ላይ ይለቃል፤ የቀዘቀዘው አየር ስለሚከብድ እንደ ውሃ ቁልቁል ፈስሶ ዝቅ ያለ ቦታ ይተኛል። እኔ ደግሞ የተከልኩት ከግቢው ሁሉ ዝቅ ያለ፣ ምንም ከለላ የሌለው ጥግ ላይ ነበር። ክረምቱን ያሳለፈው ደመናው ነው፤ ለካ እሱ ብርድ ልብሱ ነበር።

በሁለተኛው ዓመት እኔው ብርድ ልብስ አለበስኩት። ከተማችን በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ የታወቀች ናትና ዕቃው አላጣም። ማታ ሳለብስ ጠዋት ስገፍ የሰፈሩ መሳቂያ ሆንኩ። ተክሉ አልሞተም፣ አላበበምም።

ዘንድሮ በማሰሮ አድርጌ ወደ ደቡብ በሚያየው የድንጋይ ግድግዳ ሥር፣ ከጣሪያው ክፈፍ በታች አስቀመጥኩት። በኅዳርና በታኅሣሥ ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል ግድግዳው ቀኑን ሙሉ ሲሞቅ ይውልና ሌሊት መልሶ ያሞቀዋል፤ ክፈፉ ደግሞ ከሰማዩ ይጋርደዋል። ውሃም ቀነስኩለት፤ በብርድ ጊዜ የራሰ ሥር ይበሰብሳል። ይኸው አበበ። አበበ ስል ቀለሙ የቅጠል ነው፤ እውነተኛው አበባ መሐሉ ላይ ያለችው ትንሽ ነጭ ነገር ናት። አገሩ ደቡብ አሜሪካ፣ ስሙም የፈረንሳዊው መርከበኛ የቡገንቪል ነው። ለሮቢትም ቢሆን እንግዳ ነው።

ይህን ሁሉ ስባዝን ባለቤቴ አንድ ቀን፣ “ለእንግዳው ብርድ ልብስ፣ ለቤተኛው ውሃ እንኳ የለም” አለችኝ። እውነቷን ነው። በግቢያችን ጤና አዳም፣ የጥብስ ቅጠልና አደስ አሉ። ሦስቱም በሜዲትራኒያን ባሕር ዙሪያ በዱር የሚበቅሉ ቁጥቋጦዎች ናቸው፤ ደረቅ ወራትም ቀላል ውርጭም ለምደዋል። የጥብስ ቅጠሉን ያጠጣሁት መቼ እንደሆነ ትዝ አይለኝም፤ እሱ ግን ሰማያዊ አበባውን አውጥቶ ንብ ያስተናግዳል። ጤና አዳም ብጫ ያብባል፣ እኛ ግን ለቡና ስንቀነጥሰው አበባውን መች አየነው? አደስ ደግሞ የጥንት ግሪኮች ለአፍሮዳይት የቀደሱት፣ ነጭ አበባው የሚያምር ተክል ነው። እኛ ቅቤ ውስጥ ጨምረን ፀጉር ላይ ጨረስነው። ቅቤውን አልጠላሁም፤ አጥር ሆኖ ሳላየው መቅረቴ ነው የሚቆጨኝ።

ኦሊያንደር የተባለው ተክልም የዚያው የሜዲትራኒያን አገር ሰው ነው። ቅጠሉ ረጅምና ቀጭን፣ አበባው ሮዝ ወይም ነጭ፤ ድርቅንና ቀላል ውርጭን ይችላል። ነገር ግን ከሥር እስከ አበባው መርዝ ነው። በግ በሚያልፍበት መንገድ ዳር፣ ልጆች በሚጫወቱበት ግቢ አትትከሉት።

የደብረ ብርሃን ችግኝ አፍዪዎች፣ እባካችሁ አደስ በብዛት አፍሉልን፤ የመጀመሪያው ገዥ እኔ ነኝ። ከሮቢት የቡገንቪሊያ ቅርንጫፍ የምታመጡ ደግሞ የካቲት ላይ አምጡ። ጥቅምት ላይ የተተከለ ሥር ሳይሰድ ውርጩ ይደርስበታል።