ቅኝቱ ከአምባሰል፣ ማኅተሙ ከባሕር ማዶ

ሰሞኑን በመምህራን ክበብ ቡና እየጠጣን ሳለ አንድ የሥራ ባልደረባዬ፣ ያውም ስለ ባሕል ሲናገር የሚደመጥ ሰው፣ እንዲህ አለ፦ «ልጆቹ አብደዋል። አርዲቦ ዳር ቁጭ ብለው ለቴክኖ አሳታሚ ቤት ሊያቋቁሙ ነው!» «ልጆቹ» የሚላቸው ቀድሞ ያስተማርኳቸው ሦስት ወጣቶች ናቸው። ሐሳባቸው ቀላል ነው። በሐይቁ አቅራቢያ አንዲት ክፍል ተከራይተው ነጻ የሙዚቃ አሳታሚ ይከፍታሉ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ በኪቦርድና በከበሮ ማሽን ተሠርተው በካሴት ላይ የቀሩትን የጭፈራ ዜማዎች ከባለቤቶቻቸው ጋር ተዋውለው እንደገና ያሳትማሉ፤ በዚያው በቀድሞው የኤሌክትሮኒክ ስልት የተሠሩ አዳዲስ ሥራዎችንም ያወጣሉ። ክበቡ በሳቅ ተሞላ። እኔ ግን አልሳቅሁም። ያ ሳቅ የተማረው ክፍላችን የቆየ ሕመም መስሎ ስለታየኝ ይህን ለመጻፍ ተገደድኩ።

ከሳቁ ጀርባ ሁለት ክሶች አሉ። አንደኛው «ይህ ሙዚቃ የእኛ አይደለም» የሚል ነው። ሁለተኛው «ጊዜው አይደለም» የሚል ነው። በየተራ እንያቸው።

ለመሆኑ «የእኛ» የምንለው የትኛውን ነው? ሳክስፎኑን ነው? ጊታሩን ነው? አኮርዲዮኑን ነው? እነዚህ ሁሉ በእንግድነት መጥተው ቤተኛ ሆነዋል። የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ አኮርዲዮናቸውን ከሲንተሳይዘርና ከከበሮ ማሽን ጋር አጣምረው የቀረጹትን ካሴት የሰማ ሰው ማሽኑ አማርኛ እንደሚችል አይጠራጠርም። በወሎ መንደሮች ደግሞ ከበሮና ጭብጨባ አንድን ምት ሌሊቱን ሙሉ ደጋግመው ሰውን ሲያመስጡ የኖሩት የኤሌክትሪክ መስመር ከመዘርጋቱ በፊት ነው። መንዙማ ወደ ጭፈራ ቤት ይግባ አላልኩም፤ እያንዳንዱ በየክብሩ ይኑር። የምለው መደጋገም፣ በመደጋገምም ውስጥ መመሰጥ፣ ከውጭ የተበደርነው ነገር አይደለም ነው።

ማሽኑስ ቢሆን የማን ነው? ቲአር-808 የተባለውን የከበሮ ማሽን የጃፓኑ ሮላንድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1980 ለገበያ አቀረበው፤ ብዙ ሳይቆይም ማምረቱን አቆመ። አሮጌ ዕቃ መሸጫ ውስጥ በርካሽ ያገኙት የቺካጎና የዲትሮይት ጥቁር ወጣቶች ዓለምን ያስጨፈረ ስልት ፈጠሩበት። ልብ እንበል! እነዚያ ወጣቶች ታላቅ ኩባንያ መጥቶ እስኪያገኛቸው አልጠበቁም። ኹዋን አትኪንስ እ.ኤ.አ. በ1985 ሜትሮፕሌክስን፣ ዴሪክ ሜይ በማግስቱ ዓመት ትራንስማትን አቋቋሙ። ቴክኖ ዓለምን የዞረው በእንዲህ ያሉ፣ በጣት በሚቆጠሩ ሰዎች በሚንቀሳቀሱ አሳታሚዎች ማኅተም ነው።

እኛም እንዲህ ያለ ደፋር ነበረን። እ.ኤ.አ. ከ1948 ጀምሮ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት በንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ የነበሩት አምሃ እሸቴ ይህን ብቸኛ መብት ተዳፍረው አምሃ ሪከርድስን መሠረቱ፤ የዓለማየሁ እሸቴንም ዘፈን ሕንድ አገር ድረስ ልከው አሳተሙ። እስከ 1975 ባሉት ስድስት ዓመታት ውስጥ ከ100 በላይ ነጠላ ሸክላዎች አወጡ። «ወርቃማው ዘመን» እያልን የምናለቅስለት ዘመን ድምፁ የተረፈልን በአብዛኛው እኒህ ሰውና እንደ ካይፋ ያሉ ጥቂት ነጋዴዎች ከኪሳቸው አውጥተው ስላሳተሙት ነው። ዘመኑን ያተረፈልን ሚኒስቴር አልነበረም፤ ዩኒቨርሲቲም አልነበረም።

ከዚያስ? ከዚያማ ደርግ መጣ፤ ሰዓት እላፊ የሌሊቱን ሕይወት ቀማ፤ አምሃም ተሰደዱ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ እነዚያን ሸክላዎች «ኢትዮፒክስ» በሚል ተከታታይ ስብስብ ለዓለም ያሰማው ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለ ፈረንሳዊ ነው። አሳታሚው ደግሞ፣ አትሳቁ፣ ስሙ ቡዳ ሙዚክ ይባላል። «ቡዳ በላን» ማለት የሚቀናን ሕዝብ ነንና ክሱ ወዲያው ተዘጋጀ፤ ፈረንጅ ሰረቀን! ነገር ግን አምሃ ሥራቸው እንዲታተም ራሳቸው ነበሩ የተዋዋሉት። ታዲያ የሰረቀን ማን ነው? ሸክላዎቹ በየቤታችን አቧራ ሲቅሙ የትኛው ባለሀብታችን፣ የትኛው የባሕል ቢሯችን ነበር አምሃን ፈልጎ «እንደገና እናሳትመው» ያላቸው?

የኃይሉ መርጊያ ካሴት ታሪክ ይብሳል። ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ ያን ካሴት ያገኘው የት ይመስላችኋል? ባሕር ዳር! ከአርዲቦ የአንድ ቀን መንገድ፣ በገዛ ክልላችን ርእሰ ከተማ። እኛ በየቀኑ በአጠገቡ እናልፍ ነበር። እሱ ገዛው፣ ባለቤቱን ፈለገ፣ በዋሽንግተን ዱለስ አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ ሲነዱ አገኛቸው፣ እ.ኤ.አ. በ2013ም በራሱ ትንሽ አሳታሚ በኩል አወጣው። ኃይሉም በስተርጅና ወደ ዓለም መድረክ ተመለሱ። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ማለት ይህ ነው። የጆሮ ልዩነት አልነበረም፤ የአሳታሚ ቤት መኖርና አለመኖር ልዩነት ነበር።

ይህ የጥንት ታሪክ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። በእኛው ዘመን «ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ» የሚለውን ስልት ካስተዋወቁት አንዱ የሆነው ሚካኤል ሰይፉ «የአራዳ ልጅ»ን እ.ኤ.አ. በ2014 ያሳተመው 1432 አር በተባለ የዋሽንግተን አሳታሚ ነው። «ዘላለም» የተባለውን ሥራውን በ2016 ያወጣው ደግሞ የኒውዮርኩ ሪቬንጅ ኢንተርናሽናል ነው። አርቲስቱን አልወቅስም፤ በሩ የተከፈተለት እዚያ ነበርና። አድማጭ የለም እንዳይባል፣ ሮፍናን ኑሪ እ.ኤ.አ. በ2018 «ነጸብራቅ»ን ሲያወጣ የአገር ቤት ወጣት በኤሌክትሮኒክ ምት ምን ያህል እንደሚነቃነቅ ሁላችንም አይተናል። ፈጣሪው አለ፤ አድማጩ አለ። የጎደለው በመካከል የሚቆም ቤት ነው።

አሁን ወደ ወሎ ልመለስ። ከአራቱ ታላላቅ ቅኝቶች ሁለቱ፣ አምባሰልና ባቲ፣ ስማቸውን የወሰዱት ከዚሁ አፈር ነው። የወሎ ላሊበላ ኪነት ቡድን ከደሴ ተነሥቶ አገር አስደምሟል፤ ማሪቱ ለገሰ አምባሰልን ስታዜም ያልደነገጠ የለም። የካሴቱ ዘመን ሲመጣ ግን አምባሰል የሚለው ስም እንኳ በሙዚቃ ቤት ደጃፍ ላይ ተጽፎ የከበረው አዲስ አበባ ውስጥ ነው። የአርዲቦ ውኃ ቁልቁል ወርዶ ሐይቅ ይገባል፤ ሐይቅ ግን የተቀበለውን ይዞ ያስቀራል እንጂ ወደ ሌላ ወንዝ አይለቅም። ዜማችን መውረዱንስ ይውረድ፤ የሚቋጥርለት ሐይቅ አጣ እንጂ።

የማኖር ጥበብ ለዚህ ምድር አዲስ አይደለም። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዐ በሐይቅ እስጢፋኖስ ያስጻፉት ወንጌል ማን እንዳስጻፈው ይናገራል፤ የገዳሙንም መጻሕፍት ዝርዝር ይዟል። የዚያን ዘመን ሰዎች መጽሐፍ አስገልብጠው ባለቤቱን መዝግበዋል። እኛ ዶክተር ተብለን የገዛ ካሴቶቻችንን ዝርዝር እንኳ አላዘጋጀንም።

ሁለተኛውን ክስ በቁም ነገር እወስደዋለሁ። «ሕዝብ እየሞተ ስለ ጭፈራ ታወራለህ?» ይሉኛል። በ2014 ዓ.ም ጥቅምትና ኅዳር ጦርነት ደሴንና ሐይቅን ሲያጥለቀልቅ እዚሁ ነበርኩ፤ ከ2015 ዓ.ም መጨረሻ ወዲህ በክልሉ የደረሰውንም ማንም አይነግረኝም። ጦርነት ግን ለክሱ ሳይሆን ለልጆቹ የሚመሰክር ነው። አንድ የማውቃቸው የቀድሞ ካሴት ነጋዴ ለሠላሳ ዓመታት ያጠራቀሙትን ሁሉ በዚያ ኅዳር አጥተዋል። ከዚያ ውስጥ ሌላ ቅጂ የሌለው ስንት ድምፅ ነበር? የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት በተቋረጠ ጊዜ ደግሞ ሙዚቃችን በሩቅ አገር ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ እኛ ልንሰማው አልቻልንም። በአንድ ቤት ብቻ ያለ ነገር በአንድ ቀን ይጠፋል፤ በሰው ቤት ብቻ ያለ ነገር ደግሞ በሰው ፈቃድ ይሰማል። የካሴት ክር ሰላም እስኪወርድ አይጠብቅም፤ በየክረምቱ ይሻግታል።

ለልጆቹም ግን ሽንገላ አልጽፍም። «ነጻ» የሚለው ቃል ብቻውን ፍትሕ አይደለም። ትራክስ የተባለው የቺካጎ አሳታሚ ነጻ ነበር፤ ሆኖም ላሪ ሄርድና ሮበርት ኦውንስ ለአሥርት ዓመታት ድርሻችን አልተከፈለንም ብለው እ.ኤ.አ. በ2020 ከሰውታል። በእኛም አገር በካሴቱ ዘመን ስንቱ ድምፃዊ አንድ ጊዜ ጥቂት ብር ተቀብሎ ዕድሜ ልኩን የበይ ተመልካች ሆኗል። ስለዚህ ከማሽኑ በፊት ውሉ ይጻፍ። የኪቦርድ ተጫዋቹም ስሙ ይጠቀስ፤ ገቢው በግልጽ ይከፈል፤ ዋናው ቅጂ የማን እንደሆነ በፊርማ ይረጋገጥ። አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለከዋኙም ለድምፅ ሪከርዲንግ ፕሮዲዩሰሩም የ50 ዓመት ጥበቃ ይሰጣል። ሕጉ አለ፤ ሕጉን የሚጠቀምበት የታመነ ቤት ነው ያነሰን።

ከመንግሥትስ? ገንዘብ አልጠይቅም፤ ገንዘቡ ካድሬ አስከትሎ ይመጣል። የምጠይቀው እንዳያሰናክል ነው። ንጉሣዊው ሥርዓት በብቸኛ መብት፣ ደርግ በሳንሱርና በሰዓት እላፊ ያደረጉትን የዛሬው ቢሮ በፈቃድ ምልልስና በቀረጥ አይድገመው። ዩኒቨርሲቲዎቻችን ደግሞ ለአውደ ጥናት ባነር ከሚያወጡት ጥቂቱን ቀንሰው ካሴት የሚገለበጥበት አንድ ደረቅ ክፍል ይስጡ፤ ከታተመው ሁሉ አንድ ቅጂ በቤተ መጻሕፍታቸው ያኑሩ።

ውድ አንባቢ ሆይ፣ አንተም ከተጠያቂነት አታመልጥም። በሳጥንህ ውስጥ የአባትህ ካሴቶች አሉ። ከመጣልህ በፊት የሽፋኑን ጽሑፍ አንብብ፤ የዘፋኙን፣ የተጫዋቹን፣ የሙዚቃ ቤቱን ስም በወረቀት ጻፍ፤ ሊያስገለብጠው ለሚችል ስጥ። ልጆቹ የመጀመሪያውን ሥራ ሲያወጡም በነጻ እንዲላክልህ አትለምን፤ ግዛ። ሳትገዛ ቀርተህ ነገ ፈረንጅ ሲያሳትመው «ተሰረቅን» ብትል ግን የሚሰማህ አይኖርም።

ቸር እንሰንብት።