ቅጂው ሚኒሶታ፣ መንገዱ የት?

«ዲጂታይዝ ተደርጓል» የምትለው ሐረግ የብዙ ሹም መሸፈኛ ሆናለች። ብራናው ፎቶ ከተነሳ፣ ፎቶው አንድ ሰርቨር ላይ ካረፈ፣ ሪፖርት ይጻፋል፣ ይጨበጨባል፣ ፋይሉ ይዘጋል። ማን ያየዋል? በየት በኩል? መስመር ሲቋረጥስ? የሚጠይቅ የለም።

ሐይቅ እስጢፋኖስን ማየት ይበቃል። አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ገዳሙን የመጻሕፍትና የትምህርት ማዕከል አደረጉት። ለገዳሙ የሰጡት አራቱ ወንጌል ዛሬም በሊቃውንት ዘንድ ስመ ጥር ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ፕሮጀክት ይህን ወንጌል በቁጥር 1832 መዝግቦ አንስቶታል። ፕሮጀክቱ በጠቅላላው 9 ሺህ ገደማ ብራናዎችን አነሳ። አንዱ ቅጂ አዲስ አበባ ወመዘክር ቀረ፤ ሌላው አሜሪካ ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል ገባ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ዕድሜያቸውን ለካታሎጉ የሰጡት እዚያ ነው።

ሥራው ትልቅ ነው፤ ማንም አይክደውም። ግን ማንኛውም የኔትወርክ ባለሙያ የሚያውቀው ሐቅ አለ። በክላስተር የተያያዙ ሰርቨሮች ሁለትም ይሁኑ አሥር፣ የሚያገለግሉት የጋራ ማከማቻቸውን ማየት እስከቻሉ ድረስ ነው። መብራቱ እየበራ፣ ማራገቢያው እየዞረ ወደ ማከማቻው የሚወስደው መስመር የተበጠሰበት ሰርቨር እንደሞተ ይቆጠራል። ስለዚህ ባለሙያ ዲስኩን ብቻ አይጠብቅም። መንገዱን ሁለት ያደርጋል፤ ቅጂውን በሌላ ከተማም ያኖራል፤ አንዱን መስመር ሆን ብሎ ነቅሎ ሌላው መሥራቱን ይፈትናል። ያልተፈተነ መጠባበቂያ ምኞት ነው።

በዚህ ሚዛን ሐይቅ ምን አለው? በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ጦርነቱ ደሴንና አካባቢዋን ሲያዳርስ ዋናው ብራና አደጋ ላይ ነበር። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆየ። በዚያን ጊዜ የሐይቅን ወንጌል ምስል የሮምና የሃምቡርግ ተመራማሪ ሲያገላብጥ፣ የሐይቅ ከተማ መምህር በስልኩ ሊከፍተው አይችልም ነበር። የመጽሐፉ ባለቤት ከራሱ ማከማቻ ተቆረጠ ማለት ይህ ነው።

ሌላም አለ። ሴቶች ወደ ገዳሙ አይገቡም። ሥርዓቱ የገዳሙ ነው፤ ክርክሩ እርሱ ላይ አይደለም። ነገር ግን በአምባሰል ተወልዳ ግእዝ የተማረች ልጅ የአገሯን መጽሐፍ የምታነብበት መንገድ ቅጂው ብቻ ነው። ቅጂው ሲዘጋ ለእርሷ ብራናውም አብሮ ይዘጋል።

«ቅጂ ከበዛ ይሰረቃል፣ ይቸበቸባል» የሚሉ አባቶች አሉ። ስጋታቸው ከንቱ አይደለም፤ ከየገዳሙ የወጣው ቅርስ ምስክር ነው። ይሁን እንጂ የሚቸበቸበው ብራናው ነው። ደግሞም የጋራ ማከማቻ ማለት በሩ ለሁሉም ወለል ያለ ቤት ማለት አይደለም። ማን ያነብባል፣ ማን ይጽፋል፣ ማን ይገለብጣል የሚለው በፈቃድ ይወሰናል። የፈቃዱ ቁልፍ በገዳሙ እጅ ይሁን። ዕቃ ቤት ያለ ቁልፍ ያዥ ኖሮ አያውቅም።

ጥፋቱ የሚኒሶታ አይደለም። እነርሱ ጠብቀው አቆዩ፤ በኢንተርኔትም ለንባብ ከፈቱ። ጥያቄው ለአገር ቤት ነው። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴ ላይ አለ፤ ከሐይቅ የግማሽ ሰዓት መንገድ ገደማ ነው። ዩኒቨርሲቲዎችን የሚያገናኘው ኢተርኔትም ተዘርግቷል። የወሎ ገዳማት ቅጂዎች አንዱ ደሴ፣ አንዱ ወመዘክር ቢቀመጡና ሁለቱ እርስ በርስ ቢናበቡ፣ ለገዳሙም ያለ ኢንተርኔት የሚከፈት አንድ ዲስክና ኮምፒውተር ከፀሐይ ኃይል ጋር ቢሰጥ፣ አገርን የሚያደኸይ ወጪ አይደለም። የጎደለው ኃላፊነቱን የሚወስድ ተቋም ነው።

«ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» ብሎ ስትራቴጂ ያወጀ መንግሥትም፣ የገዳማቱ የበላይ የሆነው ቤተ ክህነትም ከእንግዲህ ስንት ገጽ ፎቶ ተነሳ ብለው አይቁጠሩ። መስመር በተቆረጠ ማግስት ሐይቅ ላይ ስንት ገጽ ይከፈታል? ቁጥሩ ዜሮ ከሆነ፣ ሪፖርቱም ዜሮ ነው።