ዩራኒየምና በኃይል ራስን የመቻል ተስፋ

ኢትዮጵያ የኒውክሌር ማመንጫ ከገነባች በኃይል ራሷን ትችላለች የሚለው አስተሳሰብ የህዳሴ ግድብ ከተመረቀ ወዲህ ጎልቷል። በመስከረም 2018 ዓ.ም. ከሩሲያው የኒውክሌር ኩባንያ ሮሳቶም ጋር በሞስኮ የተፈረመው የድርጊት መርሐ ግብርም አጠናክሮታል። መከራከሪያው ወንዝ በድርቅ ይጎድላል፣ ዩራኒየም ግን ዝናብ አይጠብቅም የሚል ነው። አባባሉ ልክ ቢሆንም በመሬት ውስጥ ያለውን ክምችት ማመንጫው ደጃፍ ከሚደርሰው ነዳጅ ጋር ያምታታል።

በክምችት በኩል ችግር የለም። ተለይቶ የታወቀውና ሊወጣ የሚችለው የዓለም ዩራኒየም ወደ 8 ሚሊዮን ቶን ይጠጋል። የኒውክሌር ማብላያዎች በዓመት የሚፈልጉት ከ60 ሺህ ቶን ጥቂት ከፍ ስለሚል፣ ከመቶ ዓመት በላይ ይበቃል። ዩራኒየም ሊያልቅ ነው የሚለው ስጋትም የተጋነነ ነው።

ጠባቡ በር አቅርቦቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ማዕድን ማውጫዎች ያቀረቡት ከፍላጎቱ ሦስት አራተኛውን ያህል ብቻ ሲሆን፣ ቀሪው በአብዛኛው ከቆየ ክምችት ተሸፍኗል። ከዓለም ምርት ከአምስት ሁለት እጅ ያህሉ የሚወጣው ከካዛኪስታን ነው። እ.ኤ.አ. ከ2011ዱ የጃፓን ፉኩሺማ የኒውክሌር አደጋ በኋላ ዋጋ ወድቆ በርካታ ማዕድን ማውጫዎች ሥራ አቆሙ፤ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ግን አንድ ፓውንድ ከ100 ዶላር በላይ ተሸጠ። ዋጋ ስለናረ ማዕድን ማውጫ ወዲያው አይከፈትም፤ ከግኝት እስከ ምርት ብዙ ጊዜ ከአሥር ዓመት በላይ ይወስዳል። በኒጀር እ.ኤ.አ. ከ2023ቱ መፈንቅለ መንግሥት በኋላ የፈረንሳዩ የዩራኒየም ኩባንያ ኦራኖ ፈቃድ መነጠቁ ፖለቲካም አቅርቦትን እንደሚዘጋ አሳይቷል።

ማዕድኑ ከወጣም በኋላ መበልጸግ አለበት። በተፈጥሮ ዩራኒየም ውስጥ ተሰንጣቂው ዩራኒየም 235 መጠኑ 0.7 በመቶ ብቻ ነው፤ አብዛኞቹ ማብላያዎች ከ3 እስከ 5 በመቶ ይፈልጋሉ። ከዓለም የማበልጸግ አቅም 40 በመቶ ያህሉ በሩሲያ እጅ ነው። የነዳጅ ዘንጎቹም ለእያንዳንዱ የማብላያ ዓይነት ተለክተው ስለሚሠሩ አቅራቢ መቀየር ዓመታት ይፈጃል። ዩራኒየም የማታመርትና የማታበለጽግ አገር ማመንጫውን ስትገዛ የረጅም ጊዜ ነዳጅ አቅራቢዋንም አብራ መምረጧ ነው።

ደጋፊዎች የሚያነሱት ጠንካራ ነጥብ ነዳጁ ትንሽ ቦታ ስለሚይዝ የዓመታት ፍጆታ ማከማቸት ይቻላል የሚለው ነው። ይቻላል፤ ነገር ግን በቅድሚያ የውጭ ምንዛሪ ይጠይቃል፣ ጥገኝነቱንም ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም።

በአንጻሩ የአገር ውስጡን ውኃ እንመልከት፦ ከጎንደር በላይ ካለው ደጋ የሚወርደው የመገጭ ወንዝ ጣና ሐይቅ ይገባል፤ የጣና ውኃ ደግሞ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ የ460 ሜጋ ዋቱን የጣና በለስ ማመንጫ ያንቀሳቅሳል። ይህ ውኃ ሻጭ የለውም። ወሰን ግን አለው፤ ለጎንደር የመጠጥ ውኃ የተሠራው የአንገረብ ግድብ በደለል አቅሙ ቀንሷል። ከተራቆተው ተዳፋት የሚታጠበውን አፈር በእርከንና በዛፍ መያዝ በአገር ውስጥ ጉልበት ሊሠራ የሚችል የኃይል ዋስትና ነው።

የደጋው አባወራ ማገዶም ሌላ ጥያቄ ያነሳል። እንጀራ የሚጋገረው በአብዛኛው በባሕር ዛፍ ጭራሮና በኩበት ነው፤ ኩበቱ ሲነድ ማሳው ፍግ ያጣል። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ስለሚስብ፣ መስመርና ትራንስፎርመር ካልተጠናከረ አዲስ ማመንጫ ይህን ሸክም አያቃልልም።

የኒውክሌር ማመንጫ በድርቅ ወቅት ግድቦችን ሊያግዝ ይችላል። መመዘን ያለበት ግን በነዳጅ ውሉ ነው፦ ስንት አቅራቢ፣ ለስንት ዓመት፣ በምን ዋጋ፣ ያገለገለውንስ ነዳጅ ማን ይረከባል። እነዚህ ሳይመለሱ ራስን መቻል ተብሎ የሚቀርበው ዕቅድ ጥገኝነትን ከዝናብ ወደ አቅራቢ ያዛውራል።