«ስሜት የለውም» ያለው ማነው?

ስለ ሮማንቲክ ዘመን የሙዚቃ ደራሲዎች ሲወራ አንድ ዓይነት ፍርድ ደጋግሜ እሰማለሁ። ሹማን አእምሮው ታውኮ ራሱን ራይን ወንዝ ውስጥ ወረወረ፤ ሾፐን በሳንባ በሽታ እየተሠቃየ ጻፈ፤ ቤርሊዮዝ በአንዲት ተዋናይት ፍቅር ተቃጥሎ ሲምፎኒ ደረሰ። ሜንደልሶንስ? «እሱማ የባለ ባንክ ልጅ ነው፤ ሥራው ጥሩ ነው፣ ግን ስሜት የለውም።» እንዲህ የምትሉ ወንድሞችና እኅቶች፣ ከእናንተ ጋር ሙግት አለኝ። ሙግቴ ስለ አንድ ጀርመናዊ ብቻ አይደለም። ሰው ካልተሰበረና ካላበደ እውነተኛ ነገር አይጽፍም የሚለው እምነት፣ ግጥምና መዝሙር ለመጻፍ ብዕር ያነሡ ስንት ወጣቶችን ከትምህርትና ከልምምድ እንዳራቀ እያየሁ ዝም ማለት አልችልም።

በመጀመሪያ ፍርዱ ከየት እንደመጣ እንጠይቅ። ፌሊክስ ሜንደልሶን እ.ኤ.አ. በ1847 በ38 ዓመቱ ሞተ። በ1850 ላይፕሲግ በሚታተም የሙዚቃ መጽሔት ላይ አንድ ጽሑፍ በብዕር ስም ወጣ። ጸሐፊው ሪቻርድ ዋግነር ነበር። ይዘቱ ባጭሩ፦ አይሁዳዊ ከልብ የመነጨ ጥበብ መፍጠር አይችልም፤ ለዚህም ማስረጃው ሜንደልሶን ነው፤ ተሰጥኦም ትምህርትም ሞልቶለት ሳለ የሰውን ልብ መንካት አልቻለም የሚል ነው። ልብ በሉ፣ ሜንደልሶን ከአራት ዓመት በፊት የዋግነርን «ታንሆይዘር» መግቢያ ላይፕሲግ ላይ ራሱ መርቶ ያስደመጠ ሰው ነው! በ1869 ዋግነር ያንኑ ጽሑፍ በገዛ ስሙ አሳተመው፤ አልተጸጸተም ማለት ነው።

ሜንደልሶን የታላቁ አይሁዳዊ ፈላስፋ የሞሰስ ሜንደልሶን የልጅ ልጅ ነው። በ1816፣ በሰባት ዓመቱ፣ በፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን ተጠምቋል። በ20 ዓመቱ፣ በ1829፣ ከባኽ ሞት በኋላ ለብዙ ዘመን ተረስቶ የኖረውን «የማቴዎስ ሕማማት» በርሊን ላይ መርቶ ሕዝብ ዳግም እንዲሰማው አድርጓል። በአንዱ ሲምፎኒው መጨረሻ ላይ ያስገባው ዜማ ሉተር ከመዝሙር 46 ተነሥቶ የጻፈው ነው። ይህ ሁሉ ለዋግነር ምንም አልነበረም፤ እርሱ የሚቆጥረው ደም ነው። እናንተ አይሁድን ትጠላላችሁ አልልም። «ስሜት የለውም» የምትሉት ዓረፍተ ነገር ግን ባለቤት አለው፤ ስትዋሱት የማን እንደሆነ እወቁ።

በዚያው ሲምፎኒ ውስጥ አውታሮቹ በለሆሳስ የሚጫወቱት አጭር ዜማ አለ፤ በድሬስደን አብያተ ክርስቲያናት ይዘመር የነበረ «አሜን» ነው። ዋግነርም ያንኑ «አሜን» በ1882 በመጨረሻው ኦፔራው በ«ፓርሲፋል» ተጠቅሞበታል። በአንዱ እጅ ሲሆን ቀዝቃዛ፣ በሌላው እጅ ሲሆን ጥልቅ የሚሆነው እንዴት ነው?

አሁን ደግሞ «ተምሮና አስተካክሎ የጻፈ ሰው ስሜቱ ይደርቃል» ወደሚለው እንምጣ። የቫዮሊን ኮንቼርቶውን ውሰዱ። በ1838 መነሻው ዜማ በጭንቅላቱ እየተመላለሰ ዕረፍት እንደነሣው ለወዳጁ ለቫዮሊኒስቱ ዳቪድ ጻፈለት። ሥራው ለሕዝብ የቀረበው በ1845 ነው። ሰባት ዓመት! በእነዚያ ዓመታት ምን ሠራ? በጊዜው ልማድ ኦርኬስትራው ረጅም መግቢያ ይጫወታል፣ ቫዮሊኑ ይጠብቃል። እርሱ ቫዮሊኑን ገና ከመጀመሪያው አስገባው። የመጀመሪያው ክፍል ሲያልቅ ደግሞ አንድ ባሱን ብቻውን አንዲት ድምፅ ይዞ ይቀራል፤ አድማጩ ለማጨብጨብ ፋታ ሳያገኝ ወደ ቀጣዩ ክፍል ይሻገራል። ያቺ አንዲት ድምፅ ልብን የምትይዘው በአጋጣሚ አይደለም፤ ታስቦባት ነው። «ኤልያስ» የተባለው ኦራቶሪዮም በ1846 በርሚንግሃም ላይ ሕዝቡን ካስፈነደቀ በኋላ፣ ሌላው ሰው ጭብጨባውን እያጣጣመ በሚያርፍበት ጊዜ፣ እርሱ ብዙውን ክፍል እንደገና ጻፈው።

ደግሞስ እነዚያ «የተቃጠሉት» ሰዎች አልለፉም ያለው ማነው? ዋግነር ራሱ «የኒቤሉንግ ቀለበት»ን ከ1848 እስከ 1874፣ 26 ዓመት ሠርቶበታል። ብራምስ የመጀመሪያ ሲምፎኒውን ሲያስደምጥ 43 ዓመቱ ነበር። ሹማንን ሕመሙ አላስጻፈውም፤ ይልቁንም ብዕሩን ነጠቀው፤ ከ1854 ጀምሮ እስኪሞት የኖረው በአእምሮ ሕሙማን መታከሚያ ነው።

ሜንደልሶን ጻድቅ ነበር አልልም። እኅቱ ፋኒ ድንቅ ደራሲ ነበረች፤ ስድስት ዘፈኖቿ ግን በእርሱ ስም ታትመዋል፤ በገዛ ስሟ እንድታሳትምም አላበረታታትም። በዚህ ክሰሱት፣ አብሬያችሁ እከሰዋለሁ። «ስሜት የለውም» በሚለው ግን አይደለም።

የዋግነር ቃል ወረቀት ላይ አልቀረም። በ1936 ናዚዎች ላይፕሲግ ውስጥ የቆመውን የሜንደልሶን ሐውልት አፈረሱት። ይህ የተደረገው ከንቲባው ካርል ጎርደለር ከከተማው ውጭ ሳለ ነበር፤ ተመልሶ «ሐውልቱ በቦታው ይቁም» አለ፤ እምቢ ሲሉት ሥልጣኑን ለቀቀ። በ1945 የሂትለር መንግሥት ገደለው። ዛሬ ላይፕሲግ ብትሄዱ፣ ባኽ ባገለገለበት በቶማስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ፣ በ2008 እንደ ቀድሞው ተሠርቶ የቆመ የሜንደልሶን ሐውልት ታገኛላችሁ።