የማስታወሻው ባለቤት ማን ነው?

ማስታወሻ መያዝ ለተማሪ ምን ያህል እንደሚጠቅም ለማስረዳት ወረቀት አላበላሽም፤ መምህራኖቻችን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ሲነግሩን ኖረዋልና። እኔ ለማንሣት የምፈልገው ሌላ ጥያቄ ነው። በደብተር የጻፍነው ማስታወሻ ደብተሩ በእጃችን እስካለ ድረስ የእኛ ነው። በስልክና በኮምፒዩተር የምንጽፈውስ የማን ነው?

ከክፍል ጓደኞቼ ብዙዎቹ ዛሬ ማስታወሻቸውን የሚይዙት በአፕ ነው። አፑ ያምራል፤ በጣት ሲነኩት ይከፈታል። ዳሩ ግን ጽሑፉ በየትኛው ሥፍራ እንደ ተቀመጠ፣ ነገ ወደ ሌላ ቦታ ልውሰደው ቢሉ በምን መንገድ እንደሚወጣ የሚያውቅ ጥቂት ነው። ኤቨርኖት የተባለው ስመ ጥር የማስታወሻ አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ላይ በነፃ የሚጠቀሙ ሰዎች ከ50 ማስታወሻ በላይ እንዳይጨምሩ ወሰነ። በገዛ ቤቱ ሕግ ማውጣት መብቱ ነው፤ አስቀድሞ የተጻፈውንም አላጠፋም። ነገር ግን እኛ በዚያ ቤት እንግዶች መሆናችንን ገልጦ አሳየን። አንዱ ጓደኛዬ የስልክ ቍጥሩን በለወጠ ጊዜ የሌላ አገልግሎት በር ተዘግቶበት የሁለት ዓመት ጽሑፉን እስከ ዛሬ አላገኘውም።

ስለዚህ በእኔ አስተያየት ማስታወሻውን በገዛ ኮምፒዩተሩ የሚያኖር፣ ያኖረውንም በገዛ እጁ ጠይቆ ማውጣት የሚችል ተማሪ ብቻ ነው ባለቤት ሊባል የሚገባው።

ለምሳሌ ጆፕሊን የሚባለውን የማስታወሻ አፕ ልውሰድ። (ስሙ የአሜሪካዊው የፒያኖ ሙዚቃ ደራሲ የስኮት ጆፕሊን ነው።) በነፃ ይገኛል፤ የተሠራበትም ኮድ ለሁሉ ክፍት ነው። በኮምፒዩተር ላይ ሲጫን የምንጽፈውን ሁሉ ዳታቤዝ በሚባል በአንድ ፋይል ውስጥ ያኖረዋል። ዳታቤዝ ማለት በሠንጠረዥ የተደለደለ መዝገብ ነው። ለእያንዳንዱ ማስታወሻ አንድ ረድፍ አለው፤ በረድፉም ላይ ርእሱ፣ ዋናው ጽሑፍ፣ የተጻፈበትና የታረመበት ጊዜ በየዓምዱ ተመዝግቦ ይገኛል። የመዝገቡ ዐይነት ኤስኪውላይት ይባላል። ሪቻርድ ሂፕ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ2000 አውጥቶት የደራሲነት መብቱን ለሕዝብ ለቀቀው። ዛሬ በእያንዳንዱ የአንድሮይድ ስልክ ውስጥ ስለሚገኝ፣ ብዙዎቻችን ስሙን ሳንሰማ በኪሳችን ይዘነው እንዞራለን።

ከኤስኪውላይት ጋራ አንድ ትንሽ ፕሮግራም አለ። ሥዕል የለውም፤ የሚነካ ቁልፍም የለውም። ተርሚናል በሚባለው ጥቁር መስኮት የፕሮግራሙንና የፋይሉን ስም ሲጽፉለት አንዲት ምልክት አሳይቶ ዝም ብሎ ይጠብቃል። ማዘዝ የእኛ ፈንታ ነው። «ሴሌክት» ብለን የምንፈልገውን ዓምድ፣ «ፍሮም» ብለን ሠንጠረዡን፣ «ዌር» ብለን ቅድመ ሁኔታውን እንጽፋለን። በአማርኛ ቢነገር «ሞፈር የሚል ቃል ካለባቸው ማስታወሻዎች ርእሳቸውን አምጣልኝ» እንደ ማለት ነው። በትእዛዙ መጨረሻ ላይ ሴሚኮለን የሚባለውን የእንግሊዝኛ ድርብ ሰረዝ ማኖር ግዴታ ነው፤ ያለዚያ ፕሮግራሙ ገና ያልጨረስን እየመሰለው ይጠብቃል። የእኛን ድርብ ሰረዝ ቢጽፉለት አያውቀውም፤ ጀማሪ ሁሉ ማሽኑ የተበላሸ የሚመስለው እዚህ ላይ ነው።

ሞፈር ያልሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ለዕረፍት ወደ አገር ቤት በሄድሁ ቍጥር አያቴ ስለ እርሻ የሚነግሩኝን ስጽፍ ቈይቻለሁ። ሞፈር፣ ቀንበር፣ ድግር፣ ወገል፣ እርፍ፤ የትኛው ከየትኛው እንደሚጋጠም፣ እንጨቱ መቼ እንደሚቈረጥ፣ በሬው ሲደክም ምን እንደሚባል። እነዚህ በፈተና አይመጡም፤ በትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍትም አላገኘኋቸውም። አያቴም ዕድሜያቸው ገፍቷል። እንግዲህ ይህ ጽሑፍ በሰው ቤት ያለ ደረሰኝ የተቀመጠ አደራ እንዲሆን አልፈልግም።

ለአማርኛ ጸሐፊ ደግሞ የተለየ ጣጣ አለበት። አንዱ «እርፍ»፣ ሌላው «ዕርፍ» ብሎ ይጽፋል። ለጆሮ አንድ ናቸው። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም የፊደላት መዝገብ ሲገባ ግን «እ» እና «ዕ» ለየራሳቸው ቍጥር ስለ ተሰጣቸው፣ ለኮምፒዩተር ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው። በተራ ፍለጋ አንዱን ብንጽፍ ሌላው ተደብቆ ይቀራል። በትእዛዝ መስመር ግን «ግሎብ» በሚባለው ቃል ሁለቱን ፊደላት በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ አግብተን «ከእነዚህ ማንኛውም ቢሆን» ለማለት ይቻላል። ፀሐይን በጸ በፀ፣ በሐ በሀ በኀ የጻፈ ሰው ሁሉ ይህን ሳያደንቅ አይቀርም።

አንዳንድ ጓደኞቼ «ይህ የመሐንዲስ ሥራ ነው፤ አፑ ራሱ የማውጫ ቁልፍ አለው» ይሉኛል። አለው፤ ለብዙው ሰውም ይበቃል። ነገር ግን ቁልፍ የሚመልሰው ሠሪው አስቀድሞ ያሰበውን ጥያቄ ብቻ ነው። «በክረምት የጻፍሁትን፣ ስለ እርሻ የሆነውን፣ ከዚያ ወዲህ ያላረምሁትን ለይተህ አምጣ» የሚል ቁልፍ ማን ሠራልኝ? (ፕሮግራሙ ዘመን የሚቈጥረው እንደ ፈረንጆቹ ስለ ሆነ፣ ክረምቱን ወደ እነርሱ ወራት መልሶ መጻፍ የእኛ ዕዳ ነው።)

የተገኘውንም በአንድ ትእዛዝ ሲኤስቪ ወደሚባል ተራ የጽሑፍ ፋይል ማውጣት ይቻላል፤ ይህን ፋይል ማንኛውም ኮምፒዩተር ያነበዋል። ኤክሴል በቀጥታ ሲከፍተው ፊደላችንን ወደ ዝብርቅርቅ ምልክት ሊለውጠው ስለሚችል፣ ሲያስገቡት «ዩቲኤፍ ስምንት» የሚለውን መምረጥ ያሻል።

አደጋ የለበትም አልልም። «ዴሊት» የሚለውን ትእዛዝ ያለ «ዌር» የሰጠ ሰው ሠንጠረዡን በሙሉ ያጠፋል፤ ፕሮግራሙም «እርግጠኛ ነህ ወይ?» ብሎ አይጠይቅም። ስለዚህ መጀመሪያ አፑን መዝጋት፣ ፋይሉን መገልበጥ፣ ከዚያ ቅጂውን ለንባብ ብቻ በሚያደርገው ምርጫ መክፈት ነው።

በኮምፒዩተር ክፍላችን ያሉት ማሽኖች አሮጌዎች ቢሆኑም ለዚህ ሥራ ይበቃሉ፤ ኢንተርኔትም በተቋረጠ ቀን ይሠራሉ። ወላጆቻችን አዲስ ዕቃ እንዲገዙልን የሚያስፈልግ አይደለም። መምህራኖቻችን በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ቢፈቅዱልን፣ ለመለማመጃ የሚሆነውን የአያቴን መዝገብ ቅጂ እኔ አመጣለሁ።