ስሜን መልሺልኝ

ስልክዎ እጅዎ ላይ ከሆነ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ቴሌግራም ወይም ኢንስታግራም ላይ የሚታወቁበትን መጠሪያ ማን አወጣልዎ? ለምንስ ያ ስም ሆነ?

እኔ ይህን ማሰብ የጀመርኩት ተገድጄ ነው። ባለፈው ክረምት የ14 ዓመት ልጄ የመጀመሪያዋን የቴሌግራም መጠሪያ ልታወጣ ተቀምጣ ስሟንና የአባቷን ስም አያይዛ ጻፈች። ተይዟል አላት። ማን እንደያዘው ስትፈልግ የኔ ፎቶ ወጣ።

«እማዬ፣ ስሜን መልሺልኝ እንጂ!»

ምን ልበላት? እኔ ባደግኩበት ሰፈር እናቴን በስሟ የሚጠራት ጎረቤት አልነበረም። የበኩር ልጇ እናት ነበረች፤ እድር ላይም፣ ቡና ላይም። ስልኩ ስም አውጪ ሲለኝ እኔም የልጄ እናት ሆንኩ። ልዩነቱ ሰፈሩ «የእገሊት እናት» ይል ነበር፤ እኔ ግን «እናት» የሚለውን ትቼ ስሟን ብቻ ወሰድኩት።

ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ የስሙን አመጣጥ እጠይቃለሁ። ፀሐይ የምትባል ወዳጄ በላቲን ፊደል ስሟን በሦስት ዓይነት አጻጻፍ ሞክራ ሦስቱም ተይዘው፣ በመጨረሻ «ሰንሻይን» ብላ ገባች። መቸም ቴሌግራም ለመጠሪያ የኛን ፊደል አይቀበልም፤ ጠ እና ተ እዚያ አንድ ናቸው፣ ቀን ደግሞ አንዱ በኬ ሌላው በኪው ይጽፈዋል። ቁጥሩም የራሱ ጣጣ አለው። በእኛ አቆጣጠር በ1985 የተወለደ ሰው ስሙ ጫፍ ላይ 85 ቢጨምር፣ ውጭ አገር ያለ የሥራ ባልደረባው በሰባት ስምንት ዓመት ያስረጀዋል። የአንድ ዘመዴ ኢሜይል ደግሞ «ለኪ» የሚል ቃል አለበት። ያወጣለት ዲቪ ሲሞላ የኢንተርኔት ካፌው ልጅ ነው። ዲቪው አልደረሰውም፤ ዛሬም ለመሥሪያ ቤት ደብዳቤ የሚጽፈው በዚያው ዕድለኛ ስም ነው።

ለራስ ሌላ ስም ማውጣት ስልክ ያመጣው ነገር እንዳይመስልዎ። የፈረስ ስም ነበረን እኮ። አፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ አፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ባልቻ ሳፎ አባ ነፍሶ ተብለው ይጠሩ ነበር። እናት አባት ካወጡት ስም ጎን ሰውየው በአደባባይ የሚታወቅበት ሌላ ስም ማለት ነው። አንዳንዱም ከባለቤቱ በላይ ዕድሜ አለው፦ በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ የዘመተው ሻለቃ «ቃኘው» የተባለው በራስ መኮንን የፈረስ ስም ነው። ቢሆንም አባ ዳኘው ሲባል የሰማ ሰው ስለ ልጆቻቸው የሚያውቀው ነገር የለም።

የኔ ስም ግን ሁሉን ይናገር ነበር። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የልጅና የአባት ስም ከተገኘ ሙሉ ስም ተገኘ ማለት ነው። ኢንስታግራም ላይ ደግሞ የተወለደችበትን ዓመት ጨምሬበታለሁ። ፎቶው ላይ የደንብ ልብሷ ከነትምህርት ቤቷ አርማ ይታያል። አንድ የማላውቀው ሰው «ልጅሽ አደገች» ብሎ በስሟ ጠርቶ ሲጽፍልኝ፣ ያን ጊዜ አመስግኜው ነበር! ዛሬ ሳስበው ይቀፈኛል። እርስዎም እስቲ መጠሪያዎን እንደማያውቅዎ ሰው ሆነው ያንብቡት። የልጅዎ ስም አለበት? ዓመተ ምሕረቱስ? የሚስጥር ቁጥርዎም ያው እንዳይሆን ብቻ። መቀየር ቀላል ነው፤ የኔ ሁለቱንም ለመቀየር ቡና እስኪፈላ ያህል ነው የወሰደብኝ። ለዘመድ ወዳጅ አስቀድሞ መንገር ነው እንጂ፣ አክስቴ እስካሁን «ጠፋሽ» እያለች ትወቅሰኛለች።

ማታ ልጄን ጠርቼ «በይ፣ ስምሽ ነጻ ነው፣ ውሰጂው» አልኳት። ሳቀች። ለካ እሷ ሌላ አውጥታለች፤ አምስት ስድስት ፊደልና አንድ ቁጥር፣ በየትኛውም ቋንቋ ላነበው አልቻልኩም። ትርጉሙን ብጠይቃት «ጓደኞቼ ያውቁታል» ብላኝ ወደ ክፍሏ ገባች።