ብርቅ ናት ብለህ አትሽጥልኝ

እ.ኤ.አ. በሰኔ 2014 ሲያትል ላይ በተካሄደ ጨረታ፣ ጣሪያዋ ወደ ኋላ የሚታጠፍ የ1971 ሞዴል ፕሊመዝ ሄሚ ኩዳ በ3.5 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠች። በ2021 ደግሞ ኢንዲያናፖሊስ ላይ ለአምሳያዋ እስከ 4.8 ሚሊዮን ዶላር ቢጠራላትም አነሰ ተብላ ሳትሸጥ ተመለሰች። የዚህ ሁሉ ምክንያት አንድ ቃል ነው፤ ብርቅ።

ለመሆኑ ብርቅነቷ ከየት መጣ? ከእነዚህ መኪኖች በ1971 ሞዴል የተሠሩት 11 ብቻ ናቸው። ያነሱትም ገዢ ስላጡ እንጂ ሠሪው ስለሰሰተ አይደለም። ባለ 7 ሊትሩ፣ ባለ 425 የፈረስ ጉልበቱ ሞተር ተጨማሪ ገንዘብ ያስከፍል ነበር፤ ለወጣት አሽከርካሪ ደግሞ የኢንሹራንሱ ክፍያ የሚቀመስ አልነበረም። እንግዲህ ዛሬ በሚሊዮን የሚቸበቸበው የያኔው ገዢ ፊት የነሣው ነገር ነው።

ይህስ ባልከፋ። እኔን የሚያንገበግበኝ የሻጭ ስብከት ነው። «ብዙ አልተነዳችም፣ ዝናብ አልነካትም፣ የሞተሯ ቁጥር ከሻንሲዋ ጋር ይገጥማል» ይለናል። ነፋስ የማይነካት ከሆነ ጣሪያዋ እንዲከፈት መሠራቱ ለምን አስፈለገ? ለዓመታት የቆመ ሞተር የጎማ ክፍሎቹ ይደርቃሉ፤ ቤንዚኑ ካርቡራተሩ ውስጥ ይዘቅጣል። ሻጩ ይህንን ጥንቃቄ ብሎ ይጠራዋል፤ እኔ ግዞት እለዋለሁ።

ሻጭ ሆይ፣ ወረቀትህን አጥፈህ አስቀምጥ። ጣሪያዋን ግለጥ፣ ገዢህን ከጎንህ አስቀምጥ፣ አሥር ኪሎ ሜትር ንዳለት። ዋጋ ከዚያ በኋላ ጥራ።